ልጅ ከሐይቅ አይወጣም

ባለፈው ጥር ለለቅሶ ሐይቅ ከተማ ሄጄ ያደርኩበት ቤት፣ ባለቤትየዋ ከሳጥን አውጥታ ያነጠፈችልኝ ነጭ አንሶላ እንዶድ እንዶድ ይሸት ነበር። ተጎንብሼ አፍንጫዬን ቀበርኩበት። ሴትዮዋ አፈረች።

"ሸተተሽ አይደል? ሳሙና ጠፍቶ አይደለም፤ ነጭ ልብስ በእንዶድ ካልታጠበ የታጠበ አይመስለኝም" አለችኝ።

አይ፣ ደስ ብሎኝ ነው አልኳት። ያ ሽታ ሰብስቦ ወስዶ ስምንት ዓመቴ ላይ አስቀመጠኝ፤ ጭቃ በጭቃ ሆኜ፣ በእንዶድ በታጠበ አንሶላ ተጠቅልዬ፣ ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የተንቀጠቀጥኩበት ዕለት።

ዘመኑ የደርግ ነበር። ጠዋት ጠዋት ተሰልፈን ግራ እጃችንን አንስተን መፈክር እናሰማለን፤ ከዚያ ክፍል ገብተን አንድ ዴስክ ላይ ለአራት ተጣብበን እንቀመጣለን። ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ እንድሪስ ገበያው ዳር ልብስ ሰፊ ነው። ቤታችን ከሱቁ ጀርባ፣ ወደ ውሃው በሚያወርደው መንገድ ላይ ነበር።

ያን ጊዜ ስለ ዓለም ብዙ የማላውቀው ነገር ቢኖርም፣ ከየት እንደመጣሁ ግን ጠንቅቄ አውቅ ነበር። ከሐይቁ ነው የወጣሁት። የነገረችኝ እናቴ ናት። "እቴቴ ሐዋ ማለዳ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ዳር ባለው የፊላ ሣር ውስጥ ስትንፈራገጪ አየችሽ። በነጠላዋ አፈፍ አድርጋ አመጣችሽ" ብላኛለች።

እቴቴ ሐዋ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። የአገሩ አዋላጅ ነበረች፤ ለእኔ ግን ልጅ አጥማጅ ነበረች። "እገሊት ታማለች" ተብሎ ሲላክባት ምላጭና ክሯን በንጹሕ ጨርቅ ቋጥራ እየሮጠች ትሄዳለች። ስትመለስ እዚያ ቤት ልጅ አለ። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ አለ? አንድ ቀን ደክሟት ደጃችን ላይ አረፍ ስትል ጠጋ ብዬ "እቴቴ፣ ዛሬ ስንት አወጣሽ?" አልኳት።

"ሁለት። መንታ" አለችኝ፣ ሳቋን ዋጥ አድርጋ።

ከአንድ ዓመት በፊት ለእኛም ቤት አንድ አውጥታልን ነበር። ወንድ ነው። በሰባተኛው ቀን ኑሩ ተባለ። በዘጠነኛው ቀን ከቁርኣን ቤት ስመለስ ቤቱ በሴት ተሞልቷል፤ ኑሩ የለም። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች።

"እማ፣ ኑሩስ?"

ነጠላዋን ራሷ ላይ ሳበች።

"እማ!"

"ተመለሰ።"

"የት?"

"ወደ ሐይቁ" አለችኝ፣ ሳትዞር።

ሴቶቹ ሁሉ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ማንም አላረማትም።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ዝምተኛ ሆነች። በተከታዩ ዓመት ጥር ላይ ደግሞ ጭራሽ ባሰባት። ጠዋት ጠዋት ከጓሮ ታስመልሳለች፤ ቀትር ላይ ትተኛለች፤ የሽሮ ሽታ ያስጠላታል፤ ሆዷ ማበጥ ጀመረ። አባቴን ምን ሆና ነው ብዬ ስጠይቀው ዓይኑን ከመኪናው መርፌ ላይ ሳያነሳ "ትንሽ አሟት ነው። በአላህ ፈቃድ ይሻላታል" አለኝ። እኔም ሳወጣ ሳወርድ ቆይቼ ምክንያቱን ደረስኩበት። ሐዘን ነው። በዓይኗ መውጣት ያቃተው እንባ ሆዷ ውስጥ ተጠራቅሞ ነው። መድኃኒቱም ግልጽ ነበር፤ ኑሩን ማምጣት።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አንድ ቁራሽ ዳቦና የእናቴን ሻሽ ይዤ ወረድኩ። ዳቦው ርቦት ከሆነ እንዲበላው፣ ሻሹ ደግሞ ብርድ እንዳይነካው ነው። ሰው ወደማይበዛበት ወደ ፊላው በኩል ሄድኩና "ኑሩ! ኑሩ!" ብዬ ጠራሁ። ፊላው ውስጥ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ። ዛሬ ሳስበው ዳክዬ መሆን አለበት። ያን ዕለት ግን ወንድሜ ነበር። አንድ እግሬን አስገባሁ፤ ሁለተኛውን አስገባሁ፤ ጭቃው ያዘኝ። እግሬን ወደፊት ስዘረጋ መሬቱ ጠፋኝ። ውሃ በአፍንጫዬ ገባ። የማስታውሰው አረንጓዴ ነገርና ጆሮዬ ውስጥ የሚያጓራ ድምፅ ነው። ቀጥሎ አንድ ሰው ፀጉሬን ይዞ ሲጎትተኝ አመመኝና አለቀስኩ።

የጎተቱኝ እትዬ ጽጌ ነበሩ፤ የክፍላችን አስተማሪ። በዚያ ዓመት ከደሴ ተመድበው የመጡ፣ ቀጭን፣ ወጣት ሴት። ዋና አይችሉም ነበር። ልብስ እያጠቡ ሳለ ጩኸቴን ሰምተው እስከ ደረታቸው ገብተው ነው ያወጡኝ። ድንጋይ ላይ አስጥተውት የደረቀ አንሶላቸውን አንስተው ጠቀለሉኝ።

"ሰዓዳ! ምን ልታደርጊ ነው የገባሽው?"

"ወንድሜን ላወጣ።"

"ወንድምሽ ውሃ ውስጥ ነው?!"

መልሴን አልጠበቁም። እየጮሁ ተመልሰው ገቡ። ዓሣ አጥማጆች በታንኳ መጡ፤ መንገደኛ ልብሱን እየጣለ ዘለለ። አምስት ስድስት ወንድ ፊላውን በእጁ እየከፈለ "የት ላይ ነው? የት ላይ ነው የገባው?" ይላል። ይህን ያህል ሰው ወንድሜን ለማምጣት ስለተባበረ ደስ አለኝ። እትዬ ጽጌ ተመልሰው ትከሻዬን ይዘው ነቀነቁኝ።

"ስንት ደቂቃው ነው ከገባ? ንገሪኝ!"

"አሁን አይደለም የገባ። አምና ነው" አልኳቸው።

ሰው ሁሉ ባለበት ቆመ። ከታንኳው ላይ አንድ ሽማግሌ ማን መሆኔን አወቁ መሰል፣ "የእንድሪስ ልጅ ናት… ላ ኢላሃ ኢለላህ" ብለው ቆባቸውን አወለቁ። እትዬ ጽጌ ከነእርጥብ ልብሳቸው አጠገቤ ተቀመጡና ጭንቅላቴን ደረታቸው ላይ አስጠግተው ያዙኝ። ልባቸው ሲደልቅ ይሰማኝ ነበር።

ቤት ሲያደርሱኝ እናቴ ጮሃ አቀፈችኝ፤ መታችኝ፤ መልሳ አቀፈችኝ። እትዬ ጽጌ የሆነውን ተናግረው "ሐይቅ ገባ ብሎ ማን ነገራት?" ብለው ሲጠይቁ እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። የእናቴን ሆድ አዩ፤ እኔን አዩ፤ አንሶላቸውን ሳይወስዱ ሄዱ።

ሰኞ ሳይንስ ክፍለ ጊዜ ላይ ጥቁር ሰሌዳውን አጥፍተው "ልጅ ከየት ነው የሚመጣ?" ብለው ጠየቁን።

እጅ በእጅ ሆነ። "ከጉልበት!" አለ አንዱ። "ከደሴ ሆስፒታል ይገዛል።" "እኔን ከጅብ ነው የቀሙኝ።" ሞላ የሚባለው ረባሽ ተነስቶ "እኔን እማዬ ግሸን ማርያም ተስላ ነው ያገኘችኝ። ያን ሁሉ ቁልቁለት አዝላኝ ወርዳለች" አለ በኩራት። እኔ እጄን አላወጣሁም። የእኔን መልስ ከተማው ሁሉ ሰምቶታል።

እትዬ ጽጌ አልሳቁም። "የነገሯችሁ ሰዎች ስለሚወዷችሁ ነው የነገሯችሁ። ግን እውነቱ ይሄ አይደለም" አሉና በጠመኔ አንድ ክብ ከረጢት ሳሉ፤ ውስጡ እንደ ባቄላ ፍሬ የተኮራመተ ነገር። "ይህ ማህፀን ይባላል። በእናት ሆድ ውስጥ ያለ የልጅ ቤት ነው። ሁላችንም ዘጠኝ ወር እዚህ ነበርን። ሆዷ ያድጋል፤ ጠዋት ጠዋት ሊያስመልሳት ይችላል፤ ይደክማታል…"

ተነሳሁ። ዴስኩ ተንገጫገጨ።

"እማዬ አልታመመችም!" ብዬ ጮህኩ።

"አልታመመችም፣ ሰዓዳ" አሉኝ ቀስ ብለው። "ቁጭ በይ።"

ሞላ ልጁ ከረጢቱ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ጠየቀ። እትዬ ጽጌ ጠመኔውን በጣታቸው እያሻሹ ትንሽ አሰቡ። "ሁለት አዋቂዎች ተጋብተው፣ ሁለቱም ወደው ፈቅደው አብረው ሲተኙ፣ ከአባት የሚመጣ ዘርና ከእናት የሚመጣ እንቁላል ይገናኛሉ። ይህ የአዋቂዎች ነገር ነው፤ የልጆች አይደለም።" ለእኔ ይህ ሌላ ጥያቄ ወለደብኝ። የሞላ አባት ገበሬ ናቸው፤ ዘር አላቸው። የእኔ አባት ልብስ ሰፊ ሆኖ ዘሩን ከየት አመጣው? ከገበያ ገዝቶ ይሆናል ብዬ ደመደምኩ።

ቀጥለው የሰውነት ክፍል ስም አስጠሩን። ራስ፣ አንገት፣ ደረት፣ ሆድ እያልን ወረድንና "ብልት" ሲሉ ክፍሉ ፈረሰ። ሞላ ዴስክ ሥር ገባ። እትዬ ጽጌ እጃቸውን አጣምረው "ሳቃችሁን ጨርሱ፤ እጠብቃለሁ" አሉ። ሳቅ ሲጠበቅ ቶሎ ያልቃል። "አሁን ጉልበት በሉ።" "ጉልበት!" "ብልት በሉ።" "ብልት" አልን፣ ግማሾቻችን በሹክሹክታ። "የጉልበት ስም ካላሳፈራችሁ የዚህም አያሳፍራችሁ። ስሙን የማያውቅ ልጅ ሲያመው ለእናቱ ምን ብሎ ይነግራታል?"

የምሳ ደወል እንደተደወለ በሩጫ አባቴ ሱቅ ደረስኩ። ሦስት ደንበኛ ተቀምጧል፤ አባቴ የአንዱን ካፖርት ገላብጦ እየሰፋ ነው።

"አባ! እማ አልታመመችም! ማህፀኗ ውስጥ ልጅ አለ! ዘሩን ከየት ነው የገዛኸው?"

የስፌት መኪናው ቆመ። አባቴ በሕይወቱ መርፌ ወግቶት አያውቅም ነበር፤ ያን ዕለት ጣቱን ወጋው።

ለምን እንደተቆጣኝ አልገባኝም። በአገራችን እርጉዝ "እርጉዝ" አትባልም፤ "ደህና አይደለችም" ነው የምትባል። እንዲህ ያለ ነገር በልጅ አፍ፣ በደንበኛ ፊት ሲወጣ ለእርሱ እንደ መገፈፍ ነበር። በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄዶ ከሰሰ። ብቻውን አልነበረም፤ የሞላ አባትም፣ ሌሎችም ነበሩ። ርዕሰ መምህሩ ፈሪ ሰው ስለነበሩ ቅዳሜ ስብሰባ ጠሩ። እትዬ ጽጌ ሊባረሩ ነው ተባለ።

ስብሰባው የተደረገው በእኛው ክፍል ነው። ወላጆቻችን በእኛ ዴስክ ላይ ጉልበታቸው አገጫቸውን እየነካ ተቀመጡ። እኔና ሞላ መስኮቱ ሥር ተለጥፈን አዳመጥን። የቀበሌው ሊቀመንበር ትምህርቱ አድኃሪ ይሁን ተራማጅ መለየት አቅቷቸው ዝም ብለው ይጽፋሉ። ርዕሰ መምህሩ "በመርሐ ትምህርቱ ላይ የለም፤ ከበላይ ብጠየቅ ምን እመልሳለሁ?" ይላሉ።

አባቴ ተነሳ። "እኔ ልጄን የላክኋት ፊደል እንድትቆጥርልኝ ነው። ጨዋ አድርጌ ላሳድጋት ነው የምደክም። በስምንት ዓመቷ ይህን ከሰማች በአሥራ አምስቷ ምን ልትሆንብኝ ነው?"

እትዬ ጽጌ ተነሱ። "ጋሽ እንድሪስ፣ ልጅዎን ከውሃው ሳወጣት 'ወንድሜን ላወጣ ነው' ነው ያለችኝ። እናቷ የነገረቻትን አምና ነው የገባችው። ልጆች ይህን ያህል ያምኑናል። እኔ የፈራሁት እሱን ነው።"

ጫጫታ ተነሳ። በዚህ መሀል እቴቴ ሐዋ ከኋላ ድምጿን አሰማች። "እኔ እዚህ የተቀመጣችሁትን ግማሾቻችሁን በእነዚህ እጆቼ ነው የተቀበልኳችሁ። አንተንም፣ እንድሪስ፣ እናታችን ስትወልድህ ውሃ ያሞቅሁት እኔ ነኝ። አሁን የወጣህበት አሳፈረህ? ልጅቱ 'ስንት አወጣሽ' ስትለኝ 'ሁለት' ብያታለሁ። ስቄባታለሁ። አስተማሪዋን ከመክሰሳችሁ በፊት እኔን ክሰሱኝ።"

ሸህ ሁሴን፣ ከሰዓት በኋላ ቁርኣን የሚያስቀሩን ሸህ፣ መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። "ኧረ እኔስ ምንድን ነው የማስቀራቸው? ስለ ጦሃራ፣ ስለ መንጻት ሳስተምር ሽንቱን እጠራለሁ፣ ደሙን እጠራለሁ። ለዒባዳ፣ ለስግደት ሲሆን ያላፈርን፣ ልጅ ከሞት ለማዳን ሲሆን ምን ያሳፍረናል?"

ቀጥሎ የሰማሁትን ድምፅ መጀመሪያ አላወቅሁትም። ከአንድ ዓመት በላይ ሰው ፊት ተናግራ ስለማታውቅ ነው። እናቴ ነበረች።

"ልጄን ቀበርኩ" አለች። "ለእህቱ ግን ሐይቅ ገባ አልኳት። እውነቱ ከአፌ አልወጣ ብሎኝ ነው። እሷንም ልቀብር ነበር። እኒህ መምህርት ከውሃው አወጡልኝ። አሁን ደግሞ ከውሸታችን ያውጡልኝ።"

መስኮቱ ሥር ሞላ እጄን ያዘኝ። እጁ ጠመኔ ጠመኔ ይሸት ነበር። ወንድሜ ሞቶ እንደነበር ያወቅሁት እንዲህ ነው፤ በግድግዳ በኩል።

እናቴ በማግስቱ ወደ መቃብሩ ወሰደችኝ። ከከተማው በላይ፣ ቁልቋል ያጠረው ቦታ ነው። ሁለት ትናንሽ ድንጋይ፣ በመካከላቸው የክንድ ያህል አፈር። "ኑሩ እዚህ ነው" አለችኝ። አፈሩን በመዳፌ ነካሁት፤ ፀሐይ መትቶት ይሞቅ ነበር። ለምን እንዳልነገረችኝ ስጠይቃት "ለራሴም መንገር አቅቶኝ" አለች። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን፤ ስንጨርስ ያመጣነውን ቆሎ በላን። እናቴ ያን ቀን ወደ ቤት ስንወርድ እንደ ድሮዋ ብዙ አወራች።

ሽማግሌዎቹ ነገሩን የጨረሱት በአንድ ግዴታ ነው። ትምህርቱ ይቀጥል፤ ግን እቴቴ ሐዋ ክፍል ውስጥ ትቀመጥ። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን፣ ረቡዕ፣ ስልሳ ዓመት የሚሆናት አክስቴ ከሞላ ጎን እየተቀመጠች ሦስተኛ ክፍል ተማረች። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ "ዓይኔ ለማዋለድ እንጂ ለፊደል አይሆንም" ብላ ያመለጠች ሴት፣ አሁን ለሌላ ጉዳይ መጥታ ፊደሉም ያዛት። እትዬ ጽጌ ስለ ማህፀን ሲያስረዱ "እዚህ ላይ ተሳስተሻል፣ የኔ ልጅ" ብላ ታርማቸዋለች፤ እሳቸውም "እሺ፣ እርስዎ ይንገሩን" ይላሉ። ክርና ምላጭ እንዴት እንደምትቀቅል አሳየችን። ስሟን በሰሌዳው ላይ ስትጽፍ የትኛውን "ሐ" እንደምትይዝ ጠፍቷት "ስሜ ሁለት ፊደል፣ ጣጣው ሃያ" ብላ አሳቀችን።

ከሁሉም የማልረሳው መጋቢት ላይ የተማርነው ነው። እትዬ ጽጌ ሰሌዳው ላይ ምንም ሳይስሉ ዴስኮቹ መሀል መጥተው ቆሙ። "ሰውነታችሁ የራሳችሁ ነው" አሉ። "በልብስ የሚሸፈነውን ቦታ ማንም አይነካም። እናት ልጇን ስታጥብ፣ ሐኪም እናትሽ ባለችበት ሲያይሽ፣ ያ ሌላ ነው። ሌላ ሰው ቢነካችሁ፣ ዘመድም ቢሆን፣ ከረሜላም ቢሰጣችሁ፣ 'አይሆንም' በሉ፤ ሩጡ፤ ለምታምኑት ሰው ተናገሩ። 'ለእናትሽ እንዳትነግሪ' የሚል ሰው ካለ ያን ነገር ሳትውሉ ሳታድሩ ተናገሩ። መጮህ ቢያቅታችሁም ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። የእሱ ነው።"

ከዚያ "አይሆንም" ማለትን አለማመዱን። "አይሆንም!" ብለን ስንጮህ ጎረቤት ያለው አራተኛ ክፍል መፈክር መስሎት አብሮ ጮኸ። ሳቅን። አጠገቤ የምትቀመጠው ብርቄ ግን አልጮኸችም፤ አልሳቀችምም።

ብርቄ የክፍላችን ትልቋ ነበረች፤ አሥራ ሁለት ዓመት ይሆናታል። ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር መንደር መጥታ ለመማር ዘመድ ቤት የተቀመጠች ልጅ ናት። ዝምተኛ ናት፤ እንቅልፋም ትመስለኝ ነበር። ትምህርቱ አልቆ ሁላችንም ስንወጣ እሷ የእቴቴ ሐዋን ነጠላ ጫፍ ያዘች። እኔ አክስቴን ልጠብቅ በሩ ላይ ቀረሁ። ብርቄ ያለችውን አልሰማሁም፤ በጣም ቀስ ብላ ነበር። የሰማሁት የእቴቴ ሐዋን ድምፅ ነው።

"አምንሻለሁ። አንቺ ምንም አላጠፋሽም፣ የኔ ልጅ። ሰማሽኝ? ምንም።"

እትዬ ጽጌ አጠገባቸው ተንበርክከው የብርቄን እጅ ይዘዋል። ዓይናቸው ደም መስሏል፤ አላለቀሱም። "ዛሬ ወደዚያ ቤት አትመለሺም" አሉ።

አልተመለሰችም። እቴቴ ሐዋ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ ወደዚያ ቤት ሄዳ የብርቄን ደብተርና አሮጌ ጋቢ ይዛ መጣች። "ሊያስቆመኝ የሚሞክር ካለ እናቱን ያዋለድኩ እኔ መሆኔን አስቦ ይሞክር" ብላ ነበር አሉ። ብርቄ ከእሷ ጋር መኖር ጀመረች። እትዬ ጽጌ ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። በሦስተኛው ቀን፣ በዚያ ቤት ይኖር የነበረ አንድ ሰው በሁለት ታጣቂ መሀል ሆኖ በአባቴ ሱቅ ፊት ለፊት አለፈ። አባቴ ልብስ ሰፍቶለት ያውቃል፤ ሰላምታ የማይጠፋው፣ ለልጆች ከረሜላ የሚሰጥ ሰው ነበር። ገበያው ቆሞ አየው።

አባቴ መኪናውን አቁሞ እጁን ጨርቁ ላይ አደረገ።

"ሰዓዳ፣ ነይ እስቲ።"

ሄድኩ። ዓይኔን አያየኝም፤ የሚያየው የመለኪያ ሜትሩን ነው።

"አንቺንስ… የነካሽ ሰው አለ?"

"የለም፣ አባ።"

"ቢኖር ትነግሪኛለሽ?"

አሰብኩ። ባለፈው ነገር ነግሬው ጣቱን ወግቶት ነበር። "ካልተቆጣኸኝ" አልኩት።

አባቴ ራሱን ቀና አደረገ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። "አልቆጣሽም። ወላሂ አልቆጣሽም" አለኝ። በዚያው ሳምንት ለእትዬ ጽጌ አንድ ሰማያዊ ቀሚስ ሰፍቶ በእኔ እጅ ላከላቸው። ከማን ነው ቢሉኝ ምን ልበል ስለው "ከወላጅ ኮሚቴ በያቸው" አለኝ። እንዲህ ያለ ኮሚቴ አልነበረም።

እትዬ ጽጌ ዓመቱ ሲያልቅ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወሩ። ዳግመኛ አላየኋቸውም። የአውቶቡሱን መስኮት ከፍተው ለሁላችንም ስማችንን እየጠሩ እጃቸውን ሲያውለበልቡ እኔ አፌን ይዤ ቆሜ ነበር። "አመሰግናለሁ" የሚባል ነገር መኖሩን የማላውቅ ይመስል። ስለዚህ አሁን እላቸዋለሁ፣ ዘግይቶም ቢሆን።

እናቴ የወለደችው ግን እሳቸው ከመሄዳቸው በፊት፣ ግንቦት ላይ፣ ማክሰኞ ረፋድ ነው። እቴቴ ሐዋ ክርና ምላጯን ይዛ ገባች። እኔ ውጭ ቅሪ ተባልኩ። አባቴ ሱቁን ዘግቶ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጥቶ ግድግዳው ሥር ቆመ። እናቴ ስታቃስት እሱ ግንቡን በጡጫው ይመታል። እኔን ስትወልድ አሰብ ለሥራ ሄዶ ነበር፤ ኑሩ ሲወለድ መስጊድ ነበር። እንዲህ ቀርቦ ሰምቶ አያውቅም።

ተንጠራርቶ ጎረቤት አለመኖሩን አየና አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

"ሰዓዳ።"

"አቤት፣ አባ።"

"እትዬሽ… ስንት ሰዓት ይፈጃል ነው ያሉ?"

"የመጀመሪያ ከሆነ ይረዝማል። ከዚያ በኋላ ግን ያጥራል።"

"ይቺ ሦስተኛዋ ናት።"

"እንግዲያው አይቆይም።"

ራሱን ነቀነቀ። እናቴ ጮኸች። አባቴ ክንዴን ጨመቀው።

"ይሄ ጩኸትስ? ያለ ነው?"

"ያለ ነው። ማህፀኗ እየገፋ ነው። አሁን ደክሟት ሳይሆን እየሠራች ነው።"

"ደምስ?"

"ትንሽ ደም ያለ ነው። ብዙ ከሆነ እቴቴ ትጠራናለች፤ በቃሬዛ ጤና ጣቢያ እንወስዳታለን።"

ብድግ ብሎ ከጓሮ ሁለት ረጅም እንጨት አምጥቶ ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ከሱቁም ወፍራም አቡጀዲ አመጣ። አላስፈለገም። ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ የሆነ ነገር አነጠሰ፤ ከዚያ እንደ ግልገል ጮኸ። እልልታ ተሰማ፤ ሦስት ጊዜ። ሴት ናት።

አባቴ "አልሐምዱሊላህ" ብሎ ግድግዳውን ተደገፈ። ፊቱን በሜትሩ ጫፍ ጠረገ። በሩን ያየዋል፤ እኔን ያየኛል። በዚያን ጊዜ በእኛ ሰፈር የወለደች ሴት ወዳለችበት ወንድ በዚያች ሰዓት አይገባም ነበር፤ ቀን ይቆጠራል፣ ቤቱ ይጠረጋል፣ ይጠራል።

"እትዬሽ" አለኝ በሹክሹክታ፣ "አባት ወዲያው መግባት ይችላል ወይ፣ ስለሱ ምን አስተምረዋችኋል?"

ስለሱ ምንም አላስተማሩንም ነበር።

"ይችላል" አልኩት።

ጫማውን አውልቆ ገባ።